ፍርዱ ተሽሯል፤ ለባለቤቱ ማን ይንገር?

እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 2024 ለንደን ላይ አንድ ሕግ ጸደቀ። ሕጉ በጸደቀበት ቅጽበት በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሐሰተኛ ሂሳብ በማቅረብ ተፈርዶባቸው የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሻረ። ችሎት አልተሰየመም፤ ይግባኝ ባይ አልተጠራም፤ ጠበቃም አልተከራከረም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስማቸው መጽዳቱን ያን ዕለት ያላወቁ ብዙዎች ናቸው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ሕጉን ያወጣው መንግሥት ራሱ ነፃ ያወጣቸውን ሰዎች የተሟላ ስም ዝርዝር በእጁ አልያዘም ነበር። ማን እንደሆኑና የት እንዳሉ ገና ሊፈለግ ነበር።

የነገሩ ሥር የሂሳብ ኮምፒውተር ነው። የብሪታንያ ፖስታ ቤት ከ1999 ጀምሮ በየቅርንጫፉ «ሆራይዘን» የተባለ ሥርዓት ዘረጋ፤ ሥርዓቱን ያቀረበው የጃፓኑ ፉጂትሱ ኩባንያ ነው። በዚያ አገር የመንደር ፖስታ ቤት በአብዛኛው የሚሠራው በደመወዝተኛ ሳይሆን ከድርጅቱ ጋር ውል በገባ ሰው ነው። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጎኑ ሱቅ ይኖረዋል፤ በአንድ መስኮት ዳቦና ወተት ይሸጣል፣ በሌላው ጡረታ ይከፍላል፣ ቴምብር ይሸጣል። ውሉ ላይ አንድ ከባድ አንቀጽ ነበር። በጥፋቱ ወይም በቸልተኝነቱ ገንዘብ ከጎደለ ከኪሱ ይተካል፤ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ይህን አንቀጽ የሚተረጉመው ጉድለት ሁሉ የባለ ውሉ ዕዳ እንደሆነ አድርጎ ነበር።

ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ሆራይዘን ጉድለት ያሳያል። ሃምፕሽር ውስጥ ሳውዝ ዋርንቦሮ በምትባል መንደር ፖስታ ቤት ያካሂዱ የነበሩት ጆ ሃሚልተን የ2 ሺህ ፓውንድ ጉድለት አይተው ወደ እርዳታ መስመሩ ደወሉ። ከዚያኛው ጫፍ የተነገራቸውን ቁልፍ ሁሉ እየተጫኑ ሳለ 2 ሺው ዓይናቸው እያየ 4 ሺህ ሆነ። በመጨረሻ 36 ሺህ ፓውንድ ሰርቀዋል ተብለው ተከሰሱ፤ እስር ቤት ላለመግባት ሐሰተኛ ሂሳብ አቅርቤያለሁ ብለው አመኑ። በደቡብ እንግሊዝ ዌስት ባይፍሊት ቅርንጫፍ የነበሩት ሲማ ሚስራ ግን እስር ቤቱም አልቀረላቸውም። በ2010 የ15 ወር እስራት ሲፈረድባቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ዕለቱ የልጃቸው አሥረኛ ልደት ነበር። የዌልሱ ኖኤል ቶማስ ደግሞ 60 ዓመት የሞላቸው እስር ቤት ውስጥ ነው።

ፖስታ ቤቱ በደለኝ ብሎ ከሳሽ፣ መርማሪና ዐቃቤ ሕግ የሚሆንበት መንገድ ነበረው። በእንግሊዝና በዌልስ ማንኛውም ሰው ወይም ድርጅት የግል የወንጀል ክስ ማቅረብ ይችላል፤ ፖስታ ቤቱም በዚህ መብት ለዓመታት ሲጠቀም ኖሯል። በሌላ በኩል የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል እንደሚሠራ ይገምቱ ነበር። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። ከእነዚህ 700 ያህሉን የከሰሰው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነው። ብዙዎቹ ሲደውሉ የሰሙት መልስ ተመሳሳይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ የሚል።

አንድ ብቻ እንዳልነበሩ ያሳየው ከዌልስ ፖስታ ቤቱን የተነጠቀው አለን ቤትስና ጓደኞቹ ያካሄዱት ረጅም ትግል ነው። 555 ሆነው በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። በዲሴምበር 2019 ዳኛ ፒተር ፍሬዘር ሆራይዘን ሂሳብን ሊያዛባ የሚችል ስህተትና ጉድለት እንደነበረበት ወሰኑ። በኤፕሪል 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ፤ ሃሚልተን፣ ሚስራና ቶማስ ከእነሱ መካከል ናቸው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ነገር ቀላል ይመስል ነበር። መንገዱ ተከፍቷል፤ ሌሎቹም መጥተው ይግባኝ ይበሉ። ፖስታ ቤቱ ከመዝገቡ እያወጣ ጻፈላቸው፤ የወንጀል ጉዳዮችን እንደገና የሚመረምረው ነፃ ኮሚሽንም ጻፈላቸው። እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ የተሻረው ፍርድ ግን ከ900 በላይ ከሆነው ውስጥ 93 ብቻ ነበር።

የቀሩት የት ሄዱ? አንዳንዶቹ ሞተዋል። አንዳንዶቹ ውርደቱን ሽሽት መንደራቸውን ለቀው አድራሻቸው ጠፍቷል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በገዛ አንደበቱ ያመነ ሰው ደግሞ አሁን ተመልሼ ማን ያምነኛል ይላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ደብዳቤው ራሱ ነው። ሕይወቱን ያፈረሰበት ድርጅት ስም ያለበት ፖስታ በሩ ሥር ሲገባ ሰው ምን ያደርጋል? ፖስታ ቤቱ ለዚህ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈለት መጥሪያ ወይም የዕዳ ማስጠንቀቂያ ነበር። ፖስታውን ሳይከፍት ቢያስቀምጠው፣ ከፍቶም መልስ ባይሰጥ፣ በዚህ ጸሐፊ ዓይን ግድየለሽ አያሰኘውም። ሰውየው ተምሮ ነው የሸሸው።

በ2024 መጀመሪያ አይቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የአለን ቤትስን ትግል በአራት ክፍል ድራማ አቀረበ። የፍርድ ቤት ውሳኔ ለዓመታት ያልቀሰቀሰውን ሕዝብ ድራማው በአራት ምሽት ቀሰቀሰው። የፖስታ ቤቱ የቀድሞ ሥራ አስፈጻሚ ፓውላ ቬኔልስ የተሰጣቸው የክብር ማዕረግ እንዲነጠቅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ፤ እሳቸውም ማዕረጉን እንደሚመልሱ አስታወቁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ጃንዋሪ 10 ቀን ሁሉንም በአንድ ሕግ ነፃ እናወጣለን አሉ። ሕጉ የተፈረመው ፓርላማው ለምርጫ በተዘጋበት የመጨረሻ ቀን ነው።

ፓርላማ የፍርድ ቤትን ውሳኔ በጅምላ ሲሽር የሕግ ሰዎችን ማስደንገጡ አልቀረም። ነገ ሌላ ፓርላማ ለወዳጆቹ እንዲሁ ቢያደርግስ? መንግሥትም ቢሆን በእርግጥ የሰረቀ ሰው ከንጹሐኑ ጋር አብሮ ነፃ ሊወጣ እንደሚችል አልካደም። ነገር ግን አንድ በአንድ እንመርምር ቢባል ንጹሐኑ ፍትሕ ሳያዩ አርጅተው ያልቃሉ፤ የባሰውን ለማስቀረት ያነሰውን መቀበል ይሻላል ተባለ።

አንባቢ እዚህ ላይ ሽረቱን ከይቅርታ ጋር እንዳያምታታው። ይቅርታ የተደረገለት ሰው አጥፍቷል፤ ቅጣቱ ነው የቀረለት። ፍርዱ የተሻረለት ሰው ግን በሕግ ዓይን ጭራሽ አልተፈረደበትም። ለሥራ፣ ለቪዛ ወይም ለኢንሹራንስ ቅጽ ሲሞላ «በወንጀል ተፈርዶብዎታል?» ለሚለው ጥያቄ በሙሉ ልብ «የለም» ማለት ይችላል። ይህን ለማለት ግን መሻሩን ማወቅ አለበት። ካላወቀ ሕጉ ነፃ ባወጣው ማግስትም «አዎ» ብሎ እየጻፈ ሥራውን ያጣል።

ሕጉ ማንንም በስም አይጠራም። መስፈርት ነው የሚደረድረው። ወንጀሉ ተፈጸመ የተባለው ከሴፕቴምበር 23 ቀን 1996 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2018 ባለው ጊዜ ከሆነ፤ ክሱ ስርቆት፣ ማጭበርበር፣ ሐሰተኛ ሂሳብ ማቅረብና ከእነዚህ ጋር የሚዛመድ ከሆነ፤ ሰውየው በፖስታ ቤት ሥራ ላይ ከነበረና ቅርንጫፉ ሆራይዘንን ይጠቀም ከነበረ፤ ከሳሹም ሕጉ ከጠቀሳቸው አንዱ ከሆነ ፍርዱ ተሽሯል። ጉዳዩን ቀደም ብሎ የይግባኝ ፍርድ ቤት ያየው ሰው ግን አይካተትም፤ የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር የከሰሳቸውም እንዲሁ። ስኮትላንድ የራሷን ሕግ በጁን 2024 አወጣች።

መስፈርት መደርደር ቀላል ነው። የሃያ ዓመት ወረቀት ፊት ተቀምጦ ይህ ሰው መስፈርቱን ያሟላል ወይ ማለት ግን ሌላ ሥራ ነው። ለዚህም ሕጉ የፍትሕ ሚኒስትሩን አስገድዷቸዋል። የተሻሩትን ፍርዶች ለመለየት ተገቢውን ሁሉ ያደርጋሉ፤ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ያስታውቃሉ፤ ለራሱ ለሰውየው፣ ከሞተም ለወራሾቹ ወኪል ይነግራሉ። ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው ራሱ ቀርቦ የእኔም ፍርድ ከተሻሩት ነው ቢል ጉዳዩ እንዲታይለት ሕጉ በር ከፍቷል።

እስቲ የመዝገብ ቤት ሠራተኛውን ቦታ እንውሰድ። የፖስታ ቤቱ መዝገብ ላይ ስምና የቅርንጫፍ ቁጥር አለ። የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መዝገብ ላይ ክስ አለ፤ ተከሳሹ የፖስታ ቤት ሰው መሆኑን ግን ላይናገር ይችላል። የፖሊስ መዝገብ ላይ «ስርቆት» ይላል፤ ከየት እንደተሰረቀ አይልም። የአነስተኛ ፍርድ ቤቶች ፋይል ለዘለዓለም አይቀመጥም። በ2003 የተፈረደባት ሴት ከዚያ ወዲህ አግብታ ስሟን ለውጣ ይሆናል። ቅርንጫፉም ተዘግቶ ቤቱ ተሽጦ ይሆናል። ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ተምታተው ለማይመለከተው ሰው ነፃ ወጥተሃል የሚል ደብዳቤ ቢሄድ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይመሳከራል።

አትላንቲክን ሲሻገሩ ያለው ታሪክ ከዚህም ይሰፋል። ቦስተን ውስጥ በአንድ የማሳቹሴትስ ግዛት ላቦራቶሪ አኒ ዱካን የምትባል የኬሚስትሪ ባለሙያ ከ2003 እስከ 2012 የተጠረጠሩ አደንዛዥ ዕፆችን ትመረምር ነበር። ከባልደረቦቿ ሁሉ በላይ በፍጥነት ትሠራለች እየተባለች ትመሰገን ነበር። የፍጥነቷ ምስጢር ግን ብዙውን ናሙና ሳትመረምር በዓይን ብቻ አይታ ዕፅ ነው ብላ መፈረሟ ነበር። በኖቬምበር 2013 ጥፋቷን አምና ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተፈረደባት። እሷ ከእስር ስትወጣ በእሷ ፊርማ የተፈረደባቸው ሰዎች ጉዳይ ገና አልተቋጨም ነበር።

ዐቃብያነ ሕጉ በ2016 ከ20 ሺህ በላይ ደብዳቤ በፖስታ ላኩ። በሺህ የሚቆጠሩት ተቀባይ ጠፋ ተብለው ተመለሱ፤ ደርሷቸው መልስ የሰጡትም ጥቂቶች ነበሩ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2017 ማስታወቂያው ሰዎቹ አውቀውና ፈቅደው እንዲወስኑ የሚያስችል እንዳልነበረ ተናገረ። የወሰነውም ሸክሙን የሚያዞር ነው። ዐቃብያነ ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ እያንዳንዱን ጉዳይ አይተው፣ ያለ ዱካን ምርመራ እንደገና ማስረዳት የሚችሉትን ብቻ ይያዙ፤ የቀረውን ይልቀቁ። በኤፕሪል የመጣው መልስ አገሩን አስደነቀ። 21,587 ክስ ተዘጋ፤ ዐቃብያነ ሕጉ እናስረዳዋለን ብለው የያዙት ጥቂት መቶ ብቻ ነበር።

የዚህ ውሳኔ ብልሃት ሰውየው ደብዳቤ አገኘም አላገኘም ፍርዱ መነሣቱ ነው። ዝምታው አይጎዳውም። ሆኖም መንገሩ አልቀረም። በአሜሪካ የሚኖር ስደተኛ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ አንዲት የዕፅ ፍርድ አረንጓዴ ካርድን ልታስነጥቅ፣ ዜግነትን ልታስከለክል፣ ከአገር ልታስባርር ትችላለች። የተሻረው ፍርድ ዛሬም በመዝገብ ላይ ያለ እየመሰለው ማመልከቻ የማያስገባ ሰው ከነፃነቱ ምንም አልተጠቀመም።

የቨርጂኒያ ግዛት ታሪክ ደግሞ መንገር ቢዘገይ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ሰው ሕይወት ያሳያል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ሪችመንድ ከተማ በሚገኘው የግዛቱ ላቦራቶሪ የሠሩት ሜሪ ጄን በርተን ከወንጀል ስፍራ የመጡ የጥጥና የጨርቅ ቁራጮችን መርምረው ሲጨርሱ ከመዝገቡ ወረቀት ጋር ይለጥፏቸው ነበር። ያን ጊዜ የዲኤንኤ ምርመራ አልነበረም። ዓመታት አልፈው የተለጠፉት ቁራጮች ሲመረመሩ በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶባቸው የነበሩ ሰዎች ንጹሕ መሆናቸው መታየት ጀመረ። በ2005 አገረ ገዢ ማርክ ዋርነር ያሉት መዝገቦች በሙሉ እንዲፈተሹ አዘዙ።

ቤኔት ባርበር በ1978 በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶባቸው ከአራት ዓመት በላይ ታስረው በአመክሮ የወጡ ሰው ነበሩ። በ2010 የተደረገው ምርመራ ወንጀሉን የፈጸሙት እሳቸው እንዳልሆኑ አረጋገጠ። ውጤቱ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ደረሰ። ለባርበር ግን አልደረሰም፤ ግዛቱ የጻፈው ደብዳቤ የሄደው ወደማይኖሩበት አድራሻ ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ አለፈ። በ2012 መጀመሪያ ጆናታን ሼልደን የሚባሉ ጠበቃ በራሳቸው ተነሣሽነት የባርበርን ስልክ አፈላልገው ደወሉ። የስልክ ቁጥሩን ለማግኘት ብዙም አልለፉም። በዚያው ዓመት በሜይ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ንጹሕነታቸውን አወጀ። ባርበር በጃንዋሪ 2013 አረፉ፤ ከ34 ዓመት በኋላ የተመለሰላቸውን ስም ይዘው የኖሩት ስምንት ወር አይሞላም።

አንድ ጠበቃ በስልክ የሚያገኘውን ሰው መንግሥት በዚህ ሁሉ ጊዜ እንዴት አጣው? መልሱ ክፋት ላይሆን ይችላል። ላቦራቶሪው ውጤቱን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፏል፤ ያ ክፍልም መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ደብዳቤ ልኳል። ሁሉም የየድርሻውን ሠርቷል፤ ሰውየው መስማቱን የማረጋገጥ ሥራ ግን የማንም አልነበረም። መጥሪያ ሲሆን እኮ እንዲህ አይደለም። ተከሳሽ መጥሪያው ካልደረሰው ፖሊስ በአካል ይፈልገዋል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣል። የነፃነት ወሬ ግን በተራ ፖስታ ተልኮ ቢመለስ ፋይሉ ላይ «ተሞክሯል» ተብሎ ይታሸጋል። ይህ ልዩነት ለዚህ ጸሐፊ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ቨርጂኒያ ምርመራው የሚመለከታቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ለጋዜጠኞችና ለጠበቆች አልሰጥም ስትል ያቀረበችው ምክንያት የግል ሚስጥር መጠበቅ ነበር። ምክንያቱ ባዶ አይደለም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተፈረደበትን ከአዲሲቱ ሚስቱ፣ ከልጆቹና ከአሠሪው የሰወረ ሰው አለ። «የተሻረ የአስገድዶ መድፈር ፍርድ» የሚል ጽሑፍ የሰፈረበት ፖስታ ልጁ እጅ ቢገባ፣ ልጁ የሚያስታውሰው ከመጀመሪያው ቃል ይልቅ የኋለኞቹን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከላይ ምንም የማይናገር፣ ከውስጥ ግን በመጀመሪያው መስመር ሁሉን የሚናገር ቢሆን ይመረጣል። ቨርጂኒያ በፈቃደኛ ጠበቆች ተጠቅማም ሰዎቹን ለማፈላለግ ሞክራለች። ይህ ከፖስታ የተሻለ መንገድ ነው፤ የሚያንኳኳው ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ መመለስ ይችላልና።

ብሪታንያ በጁላይ 2024 ሕጉ ነፃ ላወጣቸው ሰዎች የካሣ መርሐ ግብር ከፍታለች። የፈለገ 600 ሺህ ፓውንድ ወስዶ ይጨርሳል፤ ጉዳቴ ከዚህ ይበልጣል ያለ ሙሉ ግምገማ ይጠይቃል። ወንጀሉን አልፈጸምኩም ብሎም ይፈርማል፤ መንግሥት በጅምላ ሽረቱ ውስጥ ጥፋተኛ ቢገባ እንኳ ገንዘብ እንዳይወስድ ያጠረው በዚህ ፊርማ ነው። ገንዘቡ ትልቅ ነው፤ ግን ለመጠየቅ መጀመሪያ መስማት ይፈልጋል። የሆራይዘንን ጉዳይ የሚመረምሩት ዳኛ ሰር ዊን ዊሊያምስ በጁላይ 2025 ባወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት ቢያንስ 13 ሰዎች በዚህ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥፍተው ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። ከሟቾች መካከል የተፈረደበት ካለ መሻሩን የሚሰማው ወራሹ ነው፤ ካሣውንም የሚጠይቀው እሱ ነው።

ማሳቹሴትስም ሥራዋ በ2017 አላበቃም። ፍርዳቸው የተሻረላቸው ሰዎች በጊዜው ለፍርድ ቤትና ለአመክሮ ክትትል ክፍያ ከፍለው ነበር፤ ፍርዱ ከሌለ ክፍያውም አግባብ አይደለምና ተካሰሱ። በ2022 ግዛቱ 14 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። ገንዘቡ የዱካንን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አምኸርስት ከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትመረምረውን ዕፅ ራሷ ትወስድ የነበረችውን የሶኒያ ፋራክን ጉዳይም ይጨምራል። ተመላሽ የሚገባቸው ሰዎች ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ገንዘቡን ለመስጠት ደግሞ የእነዚያኑ ሰዎች አድራሻ እንደገና መፈለግ ግድ ሆነ።